ባለ ኮፊያውን ዶሮ ለማዳን

ኢኮኖሚ ታመመ ሲባል በሬዲዮ ሰምታችሁ ይሆናል እንጂ በሽተኛውን በዓይናችሁ ያያችሁት አይመስለኝም። እኔ አይቼዋለሁ። ቀጭን ነው። ክራቫት ያስራል። ከቴል አቪቭ በመኪና ይመጣል። ሲጎርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ያጎረሱት እማማ ጥሩ ናቸው፤ በኋላ እደርስባቸዋለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን እንዳጠፋ እናንተ ፍረዱ። እኔ በራሴ ላይ የመፍረድ ልምድ የለኝም።

ነገሩ የጀመረው መጻሕፍቴ ባሉባት ክፍል ነው። ክፍል ስላችሁ፣ አልጋ ከገባባት በሯ የማይዘጋ፣ በሯ ከተዘጋ አልጋ የማይገባባት ናት። እኔ በአንድ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነኝ፤ ለንባብ ከዚህ የተሻለ ሥራ የሰው ልጅ ገና አልፈጠረም። እዚያ ያነበብኩትን እየተሸከምኩ አሽቀሎን፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጣና በዚያች ክፍል እደረድራለሁ። የባለቤቴ ታናሽ እህት ውብነሽ አይሁድ ወገኖቻችንን በጅምላ ወደዚህ አገር ባጓጓዙበት በዚያ በትልቁ የአውሮፕላን ጊዜ ከአዲስ አበባ መጣች። ጥቂት ወራት ሆቴል አስቀመጧት፤ ከዚያ ከመጻሕፍቴ ጋር ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የማነበው ወጥ ቤት ውስጥ፣ የሽንኩርት ዕንባ እያፈሰስኩ ነው። ባለቤቴ መጽሐፉ አሳዝኖኝ ይመስላታል።

ውብነሽ ከተወለደች ጀምሮ የራሷ በር ኖሯት አያውቅም። መጀመሪያ የአባቷ በር ነበር፤ ቀጥሎ የባሏ። ባሏ ከሞተ በኋላ አዲስ አበባ ጉዞ ከሚጠብቁ ሌሎች ሰዎች ጋር በአንድ ቆርቆሮ ሥር አደረች። ከዚያ ሆቴሉ፣ ከዚያ እኔ። ስለዚህ ሺምሾን ሰፈር ውስጥ አንድ የቤት ባለቤት «የሥራሽ ቅቪዑት ሲወጣልሽ ነይ» ብሎ ትንሽ ቤት ባሳያት ጊዜ፣ ተመልሳ የነገረችን ስለ መስኮቱም ስለ ሻወሩም አልነበረም። «በሩ ሁለት ቁልፍ አለው» ነው ያለችን። ቅቪዑት ማለት ቋሚነት ነው። በዚህ አገር ቅቪዑት ያለውን ሰው ከመልአከ ሞት በቀር ማንም አያሰናብተውም፤ እሱም ቢሆን ቀጠሮ ይይዛል።

ውብነሽ ዕቃ የምታጥበው ቅርንጫፉ በየከተማው ባለ አንድ ምግብ ቤት ነበር። በሩ ላይ ኮፊያ ያደረገ አውራ ዶሮ ተሥሏል። ዶሮው ይስቃል፤ ለምን እንደሚስቅ ገብቶኝ አያውቅም፤ ውስጥ የሚበላው እሱ ነው። በየትኛውም ከተማ ብትገቡ ወንበሩ አንድ ነው፣ ሰላጣው አንድ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው የውሃ እድፍ ሳይቀር አንድ ነው ይላሉ። ቋሚ ለመሆን ጥቂት ሳምንት ሲቀራት ቤርሼባ ያለው ቅርንጫፍ ተዘጋ። ቀጥሎ ረኾቮት። ቀጥሎ ናታንያ። አሽዶድ ሲዘጋ ውብነሽ መብላት አቆመች። አሽዶድ ማለት እኛ ቤት ሆነው ቢጮኹ የሚሰማበት ጎረቤት ከተማ ነው።

ሬዲዮው «ሚቱን» ይላል። የገበያ መቀዛቀዝ ማለት ነው። እውነት ነው፣ ጊዜው ከብዷል፤ የእኛን መንገድ የሚጠርገው ሰውዬ ሩሲያ ሳለ ድልድይ ይሠራ እንደነበር ነግሮኛል፤ ሲጠርግም ያስታውቅበታል፣ ቆሻሻውን በመስመር ነው የሚያቆመው። ግን እኔ ሁሉም የሚለውን ማለት ያመኛል። የእኔ አስተያየት ሌላ ነበር። የምግብ ቤት ጠላት ድህነት አይደለም፤ ሣር ነው። በበዓል ቀን ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ሂዱና እዩ። ጥንታውያኑ ስንት ዘመን ለፍተው ያቆሙት ዓምድ ሥር፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ከሰል አቀጣጥሎ በካርቶን ያራግባል። ባሕሩ ነፃ፣ ሣሩ ነፃ፣ ፍርስራሹ እንኳ ለጀርባ መደገፊያ ምቹ ነው። ይህን ትቶ ማን ነው በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚስቅ ዶሮ እያየ የሚበላ?

መድኃኒቱንም አግኝቼው ነበር። ባዶ ምግብ ቤት ማለት ለቀስተኛ የሌለበት ድንኳን ማለት ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ ሟቹን ይጠረጥራል። ሰው የሚገባው ሰው ወዳለበት ነው። ስለዚህ ቤቱን አንድ ቀን በወገን ብንሞላው፣ የቀረው ሕዝብ ራሱ ይከተላል። ይህን ለውብነሽ ብነግራት «ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «አንተ ያነበብከውን ሁሉ የምትሞክረው በእኛ ላይ ነው» አለች። ሊቅ በቤቱ አይከበርም፤ ስለዚህ ወጣሁ።

የሄድኩት አባባ ተገኘ ዘንድ ነው። አባባ ተገኘ ከግሮሰሪው ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ፣ ሰፈሩ ሳያማክራቸው የማያገባና የማይፈታ አባት ናቸው።

«አባባ፣ የውብነሽ ምግብ ቤት ሊዘጋ ነው» አልኳቸው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ሰው ሳይሞት ቤት በምን ይዘጋል?»

ስለ ኢኮኖሚ ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ከዚያ እንዲህ ጠየቁኝ።

«ዶሮው አልቋል?»

«የለም፣ ዶሮው ሞልቷል።»

«ማገዶው ጠፍቷል?»

«በጋዝ ነው፤ ጋዙም አለ።»

«የራበው ሰው የለም?»

«እሱማ አለ።»

«ዶሮ አለ፣ እሳት አለ፣ የራበው ሰው አለ። ታዲያ የዘጋው ሰውዬ ጤናውን ነው?»

ስለ ኢኮኖሚ ብዙ አንብቤአለሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም። በዚህ መሃል አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና «እንሄዳለን። ወገን ያለው ቤት አይዘጋም» አሉ። ማክሰኞ ቀትር ላይ እንዲመጡ፣ ጥቂት ሰው ቢያስከትሉ እንደሚበቃ ነገርኳቸው። ምግብ አዝዛችሁ ትበላላችሁ፣ ሒሳቡንም ትከፍላላችሁ ብዬ ግን አልነገርኳቸውም። ምግብ ቤት ሂዱ ከተባለ ሌላው ራሱ የሚገባ መስሎኛል። ደግሞስ የጎንደር ልጅ ሆኜ፣ ለአባት «ኑና በገንዘብዎ ይብሉ» የሚል ምላስ ከየት አመጣለሁ?

ማክሰኞ ቀደም ብዬ ሄጄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሥራ አስኪያጁ አልበር መስቀለኛ ቃላት ይሞላል። ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ እሱ እዚሁ አሽቀሎን የተወለደ፣ ወፍራም ጢም ያለው ሰው ነው። አሳላፊዋ መስኮት ስር ቆማ ጥፍሯን ትመለከታለች። ሌላ ሰው የለም።

ከዚያ አውቶቡሱ ቆመ። በፊተኛው በር አባባ ተገኘ ወረዱ፤ ከኋላቸው ግቫት ጺዮን ወረደ። ነጠላ፣ ከዘራ፣ ጃንጥላ፣ ጭራ የያዙም ነበሩ። «ጥቂት ሰው» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ማን ማን እንደሚቀር ለመወሰን የሚያስቸግር መሆኑን ረስቼው ነበር፤ አንዱን ጠርቶ አንዱን መተው ቂም ነው፤ ቂም ከሚገባ ሁሉን መጥራት ይሻላል። ወደ አርባ ሰው ይሆናል። እያንዳንዱም በእጁ የላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሏል። ከገበያ ደርሰው የመጡ መሰለኝ።

አንድ በአንድ ወደ አልበር ሄዱና ትከሻውን እየሳሙ «ፈጣሪ ያጽናህ» አሉት። አልበር መስቀለኛ ቃላቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ሞተ?» አለኝ በዕብራይስጥ። ሳምንቱ የዚህ ጥያቄ ነበር።

«ማንም። ስለ አሽዶድ ቅርንጫፍ አዝነው ነው።»

አልበር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሽዶድ ጥሩ ቅርንጫፍ ነበር» አለ።

ወንበሩ ሁሉ ተያዘ። የሚያልፈው ሰው መስታወቱ ላይ ፊቱን እየለጠፈ ያያል። አንድ ባልና ሚስት ገቡ፣ መቀመጫ አጡ፣ ወጡ። በዚያ ቤት ታሪክ ሰው ቦታ አጥቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ነው። አልበር ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ። እኔ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ወደቆመችው ወደ ውብነሽ አየት አደረግሁ፤ ያነበበ ሰው እንዲህ ነው በሚል አስተያየት። እሷ ግን የምታየው ከረጢቶቹን ነበር።

አሳላፊዋ የምግብ ዝርዝሩን ይዛ አባባ ተገኘ ዘንድ ቀረበች። ምን እንደሚበሉ ጠየቀች፤ ተረጎምኩ።

«ጠግበናል፤ ተባረኪ» አሉ አባባ።

«ቤሴዴር» አለች፣ እሺ ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች። እነሱም ጠግበዋል። ሦስተኛውም ጠግቧል። ቤቱን ዞራ ስትጨርስ አርባ ጥጋበኛ ሰው እንዳለን ለአልበር ነገረችው። ሮጬ ደረስኩባት።

«ደግመሽ ጠይቂያቸው» አልኳት።

«ጠይቄያቸዋለሁ። አልራባቸውም።»

«እርቧቸዋል። መጀመሪያ ሲጠየቁ እንቢ ነው የሚባለው። ሁለተኛም እንቢ ነው። ሦስተኛው ላይ በሞቴ ብለሽ ትምያለሽ፤ ያኔ ጥቂት ይቀምሳሉ።»

«በማን ሞት?»

«በአንቺ።»

«የእኔ ሥራ አንዴ መጠየቅ ነው» አለችና ወደ ጥፍሯ ተመለሰች።

እኔው ራሴ በየጠረጴዛው እየዞርኩ በሞቴ ማለት ጀመርኩ። አንዳንዶቹ በእኔ ሞት ጨክነው ተውት፤ አንዳንዶቹ ግን መለሳለስ ጀምረው ሳለ አባባ ተገኘ «ዶሮውን ያረደው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የታወቀ አራጅ ነው፤ ረቢዎቹ የሾሙት።»

«ስሙን ማን ይሉታል?»

«ስሙን አላውቅም።»

«የማን ልጅ ነው?»

ይህንንም አላውቅም። በእኛ አገር ቄስ ያረደው ካልሆነ ወይም አራጁን ከነአባቱ ካላወቁ ሥጋ የማይነኩ ሰዎችን፣ ስሙን በማላውቀው ሰው እጅ የታረደ፣ ኮፊያ ያደረገ ዶሮ ብሉ ማለት አልቻልኩም። ጉዳዩ በሻይ ተጠቃለለ። አርባ ብርጭቆ ሻይ መጣ። ስኳሩም አለቀ።

ክራቫት ያሰረው ሰውዬ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ፣ የአሽቀሎንን ዕጣ ሊወስን የመጣ ነው። አልበር ሲያየው ፊቱ እንደ ሎሚ ሆነ። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ሙሉውን ቤት ተመለከተ፤ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ሰዉ አሁንም አለ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ።

«ማክሰኞ ማክሰኞ እንዲህ ነን» አለ አልበር፣ ወለሉን እያየ።

ቀትር አልፏል። ወገኖቼ በማለዳ ከቤት የወጡ ናቸው፤ የሚለምናቸው ባለቤትም ጠፋ። ስለዚህ ከረጢቶቹ ተከፈቱ። ለካ ባዶ እጁን የመጣ ሰው አልነበረም። ዘመድ ያለችበት ቤት፣ ያውም ችግር የገባበት ቤት፣ ማን ነው ባዶ እጁን የሚሄደው? ዳቦና እንጀራ ወጣ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል ወጣ። እማማ ጥሩ፣ የአባባ ተገኘ እህት፣ ለውብነሽ ብለው በቅጠል ሸፍነው ያመጡትን አይብ ከነጎመኑ አወጡ። ሁሉም በላስቲኩ ላይ እንደተዘረጋ መብላት ተጀመረ።

ውብነሽ ይህን ከመስኮቱ አየች። ዘመዶቿ እሷ ባለችበት ቤት ከላስቲክ ላይ ሲበሉ። ከዚህ በኋላ ያደረገችውን አይቼ ዝም ማለቴ እውነት ነው፤ ግን እናንተም ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር። ሽርጧን ፈታች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ ክምር ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ተመልሳ ገብታ ሌላ ክምር አመጣች። ለታላቅ በመጀመሪያ፣ ለታናሽ ቀጥሎ፣ ጎንበስ እያለች አደለች። «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» ትላለች። እዚህ አገር ከገባች ጀምሮ ሰው ተቀብላ አስተናግዳ አታውቅም። አንገቷ ቀጥ ብሎ ነበር።

ክራቫታሙ አሁንም ቆሟል። ሰው እየበላ ሌላ ሰው ቆሞ ማየት እማማ ጥሩን አያስችላቸውም። በእንጀራ ጠቅልለው፣ አይቡን ከጎመኑ አስማምተው፣ በሰውዬው አፍ ላይ ደቀኑት። ወደ ኋላ ሊል ሞከረ፤ ከኋላው አልበር ነበር። ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን ሰጡት፣ ለፍቅር ሦስተኛውን።

«ይህ ዝርዝራችን ላይ የለም» አለ አልበርን፣ መዋጥ ሲችል።

«አዲስ ነው። እየሞከርን ነው።»

«ስንት ዓመት የጮኽኩት ይህንኑ ነው። አዲስ ነገር የለንም፣ አዲስ ነገር የለንም እያልኩ።» ከዚያ ቤቱን እንደገና ቃኘና «አሽቀሎን እስከ በዓሉ ይቆይ» አለ።

እስከ በዓሉ ከቆየ ውብነሽ ቋሚ ናት። ለአባባ ተረጎምኩላቸው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ውብነሽ የያዘችውን ሳህን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች። ብልህ ሰው በዚህች ደቂቃ ወገኑን ሰብስቦ ወደ አውቶቡሱ ይወስዳል። እኔ ግን ያነበብኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ሌላ ሻይ አዘዝኩ።

ማሽጊያኹ የገባው ሻዩ ሳይመጣ ነው። ማሽጊያኽ የምግብ ቤቱን ንጽሕና በሃይማኖቱ ሕግ የሚቆጣጠር ሰው ነው፤ የእሱ ወረቀት ግድግዳው ላይ ከሌለ በአሽቀሎን ውሃ እንኳ የሚጠጣላችሁ አታገኙም። አጭር፣ ጺማም፣ ገራገር ሰው ነበር። ሰላም እያለ አልፎ እማማ ጥሩ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ ነጩ ምንድን ነው?» አለኝ።

በዕብራይስጤ የምኮራ ሰው ነኝ። «አይብ» አልኩት፣ ሳልሳሳት።

ሰውዬው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ይህ እኮ የሥጋ ምግብ ቤት ነው» አለ በቀስታ። «ሕጉ የሚከለክለው፣ ሥጋና ወተት አንድ ላይ?»

«በፍጹም» አልኩ። «እኛን ስለ ኦሪት ሕግ ማንም አያስተምረንም። እዚህ ካለው ሰው ሥጋ የነካ አንድም የለም። አሳላፊዋን ጠይቃት።»

አሳላፊዋ ከጥፍሯ ቀና አለች። «እውነቱን ነው። ማንም ምንም አላዘዘም» አለች።

ክራቫታሙ ቀስ ብሎ ዞረ። «ማንም ምንም አላዘዘም?»

በሕይወቴ ብዙ ክርክር አሸንፌአለሁ። በአንድ ጊዜ በአንደኛው ጆሮ አሸንፎ በሌላው መሸነፍ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ሥጋ በልተናል ብል ቤቱ ይረክሳል፤ አልበላንም ብል ቤቱ ይዘጋል። አልበር መስቀለኛ ቃላቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ማሽጊያኹ ግን ገና አልጨረሰም። «እናንተ ባትበሉም ሳህኑ በልቷል» አለኝ።

«ምን ይላል?» አሉ አባባ ተገኘ።

«ሳህኑ ሥጋ በልቷል ይላል።»

«ሳህኑ?»

«ሳህኑ። ሥጋ ሲቀርብበት ኖሮ ጠጥቶታል፤ ዛሬ አይብ ሲቀርብበት ተቀላቀለ ነው የሚለው። አባባ፣ አይሆንም ብለው ይንገሩት።»

አባባ አንዱን ሳህን አንሥተው በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት፤ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። እናታቸው በጎንደር፣ ወለቃ፣ ሸክላ ሠሪ ነበሩ።

«ይህ ሸክላ ነው» አሉ። «ሸክላ እውነትም ይጠጣል። የነካውን አይረሳም። በኦሪትም የረከሰ ሸክላ ይሰበራል ነው የሚለው። በል እንዲህ ብለህ ንገረው፤ ልጁ እውነቱን ነው።»

ተረጎምኩ። ምን ላድርግ። ማሽጊያኹ ተነሥቶ የአባባን እጅ ሳመ፤ አባባም ትከሻውን ሳሙት። ይህን የሚያህል ዐዋቂ ሽማግሌ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ እየተከዘ ሄዶ ወረቀቱን ከግድግዳው አወረደ። ክራቫታሙ ለዚህ ቅርንጫፍ አዲስ ሳህን የሚገዛ ሰው እብድ ነው አለና ቤቱ በሳምንቱ መጨረሻ እንዲዘጋ አዘዘ። ወገን ሊያድን መጥቶ፣ ዳኛ ሆኖ ተመለሰ።

ውብነሽ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እየሄደች ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቀለለች፣ ምድጃውን ፈተገች፣ ወንበሩን ደረደረች፤ ማታ እየመጣች በመጻሕፍቴ መሃል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ዘመድ ደግሞ ሊያጽናናት ይጎርፍ ጀመር። ከነከረጢቱ። ባለቤቴ ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ ታሪኩን ከመጀመሪያው ትነግረዋለች፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ፤ በየጊዜው እየከፋሁ እሄዳለሁ።

ከዚያ አልበር ወሬ ይዞ በራችንን አንኳኳ። ክራቫታሙ የአሽቀሎንን ቁልፍ ሊረከብ መጥቶ ነበር። አንድም ሳህን አልተሰነጠቀም፤ ምድጃው ፊት ያሳያል፤ የዶሮው ሥዕል እንኳ ታጥቦ ተጠቅልሏል። በቤርሼባና በናታንያ ዕቃው ግማሹ ተሰባብሮ ግማሹ ጠፍቶ ነው የተረከበው። «ይህን የዘጋው ማን ነው?» አለ። አልበር ነገረው። እንግዲህ ድርጅቱ ውስጥ ሁሉም ክፍል እየጠበበ ሲሄድ እየሰፋ የሚሄድ አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ የሚዘጋው ክፍል። እዚያ ሥራ ሞልቷል፤ ሰው ግን የለም። አልበር ቁልፍ ያዥ ሆነ። ውብነሽ በየከተማው እየሄደች የምትዘጋ ሆነች፤ ቅቪዑቷ የወጣላትም በመዝጋት ነው።

አሁን የምትኖረው ሺምሾን ነው። በሩን በሁለቱም ቁልፍ ትቆልፈዋለች፤ ውስጥ ሆና ሳለ ጭምር። እኔም ክፍሌን አገኘሁ፤ መጻሕፍቱ ትንሽ የበረኪና ሽታ አላቸው።

እኛ ቤት ጸሎቱ ተገልብጧል። ድሮ ቅርንጫፍ ተዘጋ ሲባል እናዝን ነበር፤ አሁን የምናዝነው የሚዘጋው ቅርንጫፍ እያለቀ መሄዱ ላይ ነው። ሬዲዮው ገበያው እየተነቃቃ ነው ካለ ባለቤቴ ትዘጋዋለች። ባለፈው ውብነሽ ልትጠይቀን ስትመጣ ስንት ቅርንጫፍ እንደቀረ ጠየቅኳት።

«ሐዴራና ሐይፋ» አለች።

ይህ ነገር ያሳስበኛል። በኢኮኖሚ ጉዳይ ምክር ሳልሰጥ ማለፍም አልችልም። «እጅሽን አታፍጥኚ» አልኳት። «ሐይፋን በተለይ በቀስታ ዝጉት።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ለሐይፋ አይስጉ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎ ሊያድኑት ካልመጡ ገና ብዙ ይቆያል።»